አምስት ጤነኛ ጥርሶች

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የጥርስ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሐኪሞች የታካሚውን ጥርስ ልኬት ወስደው ይልኩልናል፤ እኛ በጄሶ ሞዴል አውጥተን ክራውኑን (የተጎዳ ጥርስ ዙሪያውን የሚለብሰውን ሰው ሠራሽ ልባስ)፣ ብሪጁን (የጎደለውን ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ የሚተካውን)፣ ተነቃዩን ጥርስ እንሠራለን። አዲስ አበባ ውስጥ ጥርሱን ያስለበሰ ሰው ሐኪሙን ያውቃል እንጂ ጥርሱን ያበጀለት ሰው የት ተቀምጦ እንደሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። እኛም እሱን አናውቀውም። የምናውቀው የመንጋጋውን ቅርጽና ትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የቀለም ቁጥር ነው። ይህን ገጠመኝ የምጽፈው ያ ቁጥር አንድን ወጣት አምስት ጤነኛ ጥርስ ሊያሳጣው ስለነበር ነው።

ጊዜው ኅዳር ነበር። ከአንድ ክሊኒክ የአንድ የላይኛ የፊት ጥርስ ክራውን ታዘዘ። ወረቀቱ ላይ «ዚርኮኒያ፣ ኤ1፣ አስቸኳይ» ይላል፤ ዚርኮኒያ ክራውኑ የሚሠራበት ጠንካራ ሴራሚክ ነው፣ ኤ1 ደግሞ በጣም ነጭ የሆነ የቀለም ቁጥር። ሥራው የደረሰው ባልደረባዬን ነው፤ አሳምሮ ሠራውና ለሙከራ ሄደ። በማግስቱ ዶክተሯ ደወሉ።

«ክራውኑ ልክ ገጥሟል፤ ልጁም በጣም ወዶታል» አሉኝ። «አሁን ግን ሌሎቹንም አምስቱን እንደዚህ አድርጉልኝ ብሎ ይዞኛል። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። አምስት ክራውን ብንጨምር ስንት ቀን ይፈጅባችኋል?»

ፎቶ እንዲልኩልኝ ጠየቅኋቸው። ፎቶው ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። መሐል ላይ ድምቅ ያለ ነጭ ጥርስ አለ፤ ግራና ቀኙ ቡናማ ነው፤ ቡናማው ላይ እዚህም እዚያም ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። የስምጥ ሸለቆ ጥርስ ነው። ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይና በዚያ መሥመር ያደጉ ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ጥርስ አላቸው። የከርሰ ምድሩ ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በዚያ አካባቢ ከዚህ በላይ ያላቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ልጅ ጥርሱ ገና መንጋጋው ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያንን ውኃ እየጠጣ ካደገ፣ ጥርሱ ሲበቅል ቀለሙን ይዞ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። ይሄ የቆሸሸ ጥርስ አይደለም፤ የበሰበሰም አይደለም። ሰዎች እነዚህን ልጆች «ጥርስህን አትቦርሽም እንዴ?» ሲሏቸው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የልጁ አንድ ጥርስ ከባጃጅ ወድቆ ከግማሽ በላይ ተሰብሮ ነበር። ሩት ካናል ተሠርቶለታል፣ ማለትም የጥርሱ ነርቭ ወጥቶ ሥሩ ተሞልቷል፤ ውስጡ ፖስት፣ ማለትም ክራውኑን የሚደግፍ ዘንግ፣ ገብቶለታል። ለዚያ ጥርስ ክራውን የግድ ነው፤ የቀረው ግድግዳ ጥቂት ስለሆነ ሳይለብስ ቢቀር እንጀራ ሲጎርስበት እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። አምስቱ ግን ቀለማቸው እንጂ ሌላ ምንም አልሆኑም። ለላቦራቶሪው ስድስት ክራውን ከአንድ ክራውን ይሻላል፤ ይህን አልደብቅም። የላቦራቶሪው ባለቤትም ስልኩን ሲሰማ ሥራውን መያዝ ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ዶክተሯን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ «መሞረድ ሳይጀምሩ በፊት ልጁን ወደኛ ይላኩልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ላናግረው።» ደስ አላቸው። «እኔም ከብዶኛል፤ ብነግረው ብነግረው አልሰማ ብሎኝ ነው» አሉ።

መጣ። ሲናገር እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ሲስቅማ ጭራሽ ፊቱን ያዞራል። ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጥኩትና ከመደርደሪያው አንድ የቆየ ሞዴል አወረድኩ፤ ስድስቱም የፊት ጥርሶች ለክራውን የተሞረዱበት የጄሶ ሞዴል ነው። እጁ ላይ አስያዝኩት። አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ የሕፃን ጥርስ ነው?»

«አይደለም። በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው ጥርስ ነው፤ ክራውን እንዲቀበል ተሞርዶ ነው።»

ዝም አለ። በአውራ ጣቱ አንዷን ጉቶ ዳሰሳት፤ ወደ ጫፏ እየሾለች የምትሄድ ቀጭን ነገር ነች። «እኔ እኮ እንደ ጓንት ላዩ ላይ የሚጠለቅ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ይህን ብዙ ሰው ያስባል፤ ልፈርድበት አልችልም። ክራውኑ ውፍረት አለው፤ ያ ውፍረት የሚቀመጥበት ቦታ የሚገኘው ከጥርሱ ላይ ተቀንሶ ነው። ለፊት ጥርስ ዙሪያውን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር፣ ከጫፉ ደግሞ እስከ 2 ሚሊሜትር ይሞረዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የፊት ጥርስ ራሱ ትንሽ ነው። ተሞርዶ ሲያልቅ ከድድ በላይ ከሚታየው ጥርስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሄዷል። የጥርስ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜሉ፣ ደግሞ ከተነሣ መልሶ አይበቅልም። አንዴ የተሞረደ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ክራውን ለባሽ ነው።

ሌላም ነገርኩት። ክራውን በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ግን የዘላለም አይደለም። ክራውኑ ራሱ አይበሰብስም፤ ክራውኑና ጥርሱ የሚገናኙበት የድድ ጠርዝ ካልጸዳ ግን እዚያ ላይ ጥርሱ ይበሰብሳል። አንተ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነህ፤ እስክታረጅ ሁለቴ ሦስቴ ልታስቀይር ትችላለህ፤ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ከጥርሱ ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። ሕይወት ያለው ጥርስ ሲሞረድ ነርቩ የሚቆጣበት ጊዜም አለ፤ አንዳንዱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሩት ካናል ይፈልጋል። ዛሬ ምንም የማያምህን አምስት ጥርስ ለዚህ ሁሉ አሳልፈህ ልትሰጥ ነው።

ራሱን ነቀነቀና «ታዲያ በዚህ ጥርስ ሙሽራ ልሁን?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ለእሱ «ጥርስህ ጤነኛ ነው» ብሎ መሸኘት መልስ አይሆንም፤ ዕድሜውን ሙሉ አፉን ሸፍኖ የኖረ ሰው ነው።

እዚያው እያለ ለዶክተሯ ደወልኩ፤ እሳቸውም ያሰቡበትን መንገድ አስረዱት። ፍሎራይድ ያመጣው ቡናማ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በኢናሜሉ የላይኛ ንጣፍ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያን ንጣፍ ብቻ ለዘብ ያለ አሲድና ደቃቅ አሸዋ ባለበት ቅባት ያሹታል፤ የሚነሣው ከሚሊሜትር ሁለት አሥረኛ አይበልጥም። ቀጥሎ በልኩ በተሠራ ቀጭን የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ማንጫ ጄል እየጨመረ ቤቱ ማታ ማታ ያደርገዋል፤ መያዣውን የሠራነው እኛ ነን። ይሄ ሳምንታት ይወስዳል። ሲያበቃ ደግሞ ቀለሙ ረግቶ እስኪቀመጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ክራውኑ የሚሠራው ከዚያ በኋላ፣ በረጋው ቀለም ነው።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ማንጫ የሚሠራው በተፈጥሮ ጥርስ ላይ ብቻ ነው፤ ክራውንን አያነጣም። ተሠርቶ የተጠናቀቀ ክራውን ቀለም ተቀብቶ ሊጠቁር ይችላል፤ ከተሠራበት በላይ ሊነጣ ግን አይችልም። ስለዚህ ጥርሱን ማንጣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያንጣ፣ ከዚያ ክራውኑን ያሠራ። ተገላቢጦሹ የሚያመጣውን ፎቶው ላይ አይተነዋል።

እስከዚያ የቆየው በጊዜያዊ ክራውን ነው። ጊዜያዊው ከፕላስቲክ የሚሠራና በደካማ ሲሚንቶ የሚያያዝ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ቆሎ የለም፣ ማስቲካ የለም፣ ሥጋ በፊት ጥርስ መንጨት የለም። ክር የሚጠቀም ሰው ክሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ስቦ ያውጣው። ቢወልቅ ክራውኑን አጥቦ፣ በንጹሕ ነገር ጠቅልሎ ቶሎ ወደ ሐኪሙ ነው። በሱፐር ግሉ ለጥፈው የሚመጡ አሉ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ድዱን ይጎዳል፣ ጥርሱን ያበላሻል፣ ሐኪሙም ለማላቀቅ ይቸገራል።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ለቀለም ልኬት ጠራነው። ይህን በሰፊው የማወራው ብዙ ክራውን የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የምንጠቀምበት የቀለም መለኪያ ከኤ1 እስከ ዲ4 የሚሄዱ 16 የጥርስ ናሙናዎች ያሉት ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ነው፤ የክሊኒክ አምፖል ቀለም ያታልላል። ሴቶች ከሆኑ ሊፕስቲኩ ይጠረግ። ደግሞም ከምንም ነገር በፊት፣ ገና ሲቀመጡ ነው መወሰድ ያለበት፤ አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቃል፣ የደረቀ ጥርስ ከእውነተኛ ቀለሙ ነጥቶ ይታያል። ናሙናውን ጥርሱ አጠገብ ይዤ አምስት ሰከንድ ያህል አያለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን አነሣለሁ። ትክ ብሎ ማየት ዓይንን ያደክመውና ሁሉም አንድ መስሎ ይታያል።

ቡናማው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ፈዝዞ ወደ ክሬም ተጠግቷል። ነጭ ነጠብጣቦቹ ግን አሉ። አዲሱን ክራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዚርኮኒያ ከማሽኑ ተፈልፍሎ ሲወጣ እንደ ጠመኔ ለስላሳ ነው፤ ወደ 1500 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሌሊቱን ሲጋገር 20 በመቶ ያህል ይኮማተርና ይጠነክራል። በዚያ መሐል መብራት ከጠፋ ሥራው አበቃለት። ያን ሌሊት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም በጊዜ አልተነሣም፤ ሁለተኛ ፈለፈልን። ሐኪም «ክራውንህ ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል» ሲላችሁ አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄ ነው። ቀጥሎ ፖርሴሊኑን፣ ማለትም ጥርስ የሚመስለውን የላይ ሴራሚክ፣ ደራረብኩና የልጁን ፎቶ ፊቴ ዘርግቼ በቀጭን ብሩሽ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ አኖርኳቸው፦ ጫፉ አካባቢ ሁለት፣ በግራ ጎኑ ላይ ደግሞ ደመና የመሰለ ስስ መሥመር። ከቀለም መለኪያው ናሙናዎች አንዱም እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም።

ለሙከራ ሲሄድ አብሬ ሄድኩ። ዶክተሯ ሳይለጥፉ በፊት መስታወት አስይዘው በረንዳ ላይ አወጡት። ይህን ማንም ታካሚ መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት። በሲሚንቶ ከተለጠፈ በኋላ «ቀለሙ አልተስማማኝም» ማለት ክራውኑን ቆርጦ ማውጣት ነው። ልጁ መስታወቱን ወዲያ ወዲህ አደረገው። «የቱ ነው የተሠራው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሲነግሩት ሳቀ፤ እጁም አፉ ላይ አልሄደም።

ከተለጠፈ በኋላ ባለ ቀለሙን ቀጭን ወረቀት አስነክሰው ከፍ ያለውን ነጥብ አስተካከሉለት። ድድህ ጥቂት ቀን ሊቆጣ ይችላል፣ በራሱ ይተዋል አሉት። ስትነክስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለህ ግን «ይለመዳል» ብለህ አትታገሥ፣ ና። ከፍ ያለ ክራውን አይለመድም፤ ጥርሱን ያሳምማል፣ ክራውኑንም ይሰብራል። የእሱ ጥርስ ሩት ካናል የተሠራለት ስለሆነ ቀዝቃዛና ትኩስ አይሰማውም፤ ሕይወት ባለው ጥርስ ላይ ክራውን ያደረገ ሰው ግን ለጥቂት ቀናት ለቀዝቃዛ ነገር ስሜት ቢኖረው አይደንግጥ። ሕመሙ እየበረታ ከሄደ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን መመለስ አለበት።

የመጀመሪያው ነጩ ክራውን ኪሳራ ነበር፤ ላቦራቶሪው ግማሹን፣ ክሊኒኩ ግማሹን ቻሉት። ባለቤታችን ሒሳቡን ሲያይ ቅር ብሎት ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በትእዛዝ ወረቀታችን ላይ አዲስ መሥመር አስገባ፦ ለፊት ጥርስ ክራውን ከመሞረዱ በፊት በቀን ብርሃን የተነሣ፣ የቀለም ናሙናው ከጥርሱ አጠገብ የተያዘበት ፎቶ ካልመጣ ሥራው አይጀመርም። አንዳንድ ክሊኒኮች አልወደዱትም፣ ሁለት ደንበኛም ሄዶብናል። ከወንጂና ከዝዋይ መሥመር የመጡ ታካሚዎች ያሏቸው ሐኪሞች ግን አሁን ከሞዴሉ በፊት ታካሚውን ይልኩልናል፤ ያንን ስድስት ጥርስ ያለበት የጄሶ ሞዴልም ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።