ከቶሪኖ እስከ ሞዴና፦ ላንቺያ አውሬሊያና ማሴራቲ 3500 ጂቲ ቀለማቸው ተገፎ

ወደ ሰሜን ጣሊያን የተጓዝሁት ሁለት የ1950ዎቹ የጣሊያን መኪኖችን፣ ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲንና ማሴራቲ 3500 ጂቲን፣ የትኛዋ እንደምትሻል ለመለየት፣ ለሽያጭ ተወልውለው ከቆሙበት አዳራሽ ሳይሆን፣ ተፈታትተው ከሚታደሱበት ጋራዥ ገብቼ ለማየት ነበር።

በቶሪኖ ያየኋት አውሬሊያ ቀለሟ ተፍቆ ባዶ ላሜራዋ ቀርቶ ነበር። ቢ20 እ.ኤ.አ. በ1951 ብቅ ባለች በዚያው ዓመት በሚሌ ሚሊያ፣ በጣሊያን አውራ ጎዳናዎች ላይ በሚካሄደው የረጅም ርቀት ውድድር፣ ከአንድ ፌራሪ ቀጥላ ሁለተኛ ስትወጣ የሞተሯ መጠን 2 ሊትር እንኳ አልሞላም ነበር። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ቪ6 (ስድስት ሲሊንደሮቹ በ«V» ቅርጽ የተደረደሩ) ሞተር የአውሬሊያ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የኋላዋ አሠራር ነው። ክብደቱ ለፊትና ለኋላ እንዲከፋፈል ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና የኋላ ፍሬኖቹ ከዲፈረንሻሉ ጋር በአንድነት ከኋላ ተቀምጠዋል። ሻሲዋና አካሏ አንድ በመሆናቸው ከበሩ ሥር የገባ ዝገት መልኳን ብቻ ሳይሆን ጥንካሬዋንም ይነካል። አዛውንቱ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው በሩን ከፈቱና ዘጉ። «ተነሥታም በሩ ሳይነካካ ከገጠመ፣ አጥንቷ ደህና ነው» አሉኝ።

ከዚያ በባቡር ፒያቼንዛንና ፓርማን አልፌ ሞዴና ደረስሁ።

በ1957 በጄኔቭ ትርኢት የቀረበችው ማሴራቲ ሌላ ዓለም ናት። ሞተሯ 3,485 ሲሲ፣ በተርታ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮችና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ያለው፣ ከፋብሪካው የውድድር መኪና ሞተር የተወለደ፣ 220 ያህል የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ነው። የኋላዋ ግን ተራ ባሌስትራ ነው። ዋናው መሐንዲስ ጁሊዮ አልፊየሪ ካምቢዮውን ከጀርመን፣ ፍሬኑን ከእንግሊዝ ማስመጣታቸው ለዛሬ ባለቤት መለዋወጫ ፍለጋውን ያቀልለታል። የሚያሳስበኝ የሚላኑ የመኪና አካል ሠሪ ቱሪንግ የሠራው አካል ነው፤ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ላይ የአሉሚኒየም ላሜራ ስለለበሰ፣ እርጥበት በገባበት ሁሉ ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ጉዳቱም በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። እዚያ ያየኋት መኪና ከውጭ እንከን የለሽ ስትመስል፣ ፓራፋንጎዋ ሲነሣ ጠርዙ እንደ አመድ ረገፈ።

ስለዚህ ምርጫዬ አውሬሊያ ናት፤ በተለይም በ1954 የመጣችው አራተኛዋ ተከታታይ፣ ምክንያቱም 2.5 ሊትር ሞተሯን እንደያዘች የኋላ እግሯ በዲ ዲዮን አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ቱቦ በሚያገናኝ አክስል) ተተክቶ በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ የምትታመን ሆናለች። የውድድር ታሪክ የሚወድ ሰብሳቢ ቀለል ያሉትን የቀደሙትን ቢመርጥ አልከራከረውም። ረጅም አውራ ጎዳና ለሚወድ ግን ማሴራቲ የተሻለች ናት። ከ1961 ወዲህ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጨውን ዓይነት የሚገዛ ሰው፣ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ካርቡራተር ስለተለወጡ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ከመኪናዋ ጋር መኖሩን ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ይጠይቅ።