«ውሃ ለካ ያለህ ማነው?»

ኮንክሪት ማምረቻ ውስጥ የሠራ ሰው የማታውን ወረፋ ያውቀዋል። ኮንክሪት የሚያመላልሱት መኪኖች፣ ሚክሰሮቹ፣ ከሳይት ተመልሰው ይደረደራሉ፣ ከበሮው ውስጥ የተረፈው ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። አንድ መኪና በደንብ ይታጠብ ከተባለ መቶዎች ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ ሹፌሩ ቱቦውን ከፍቶ ስልክ ሊያወራ ከሄደ ደግሞ 1,000 ሊትርም ይደርሳል። እጣቢው ወደ ገንዳ ይገባል። እኛ ጋ ገንዳው ሦስት ነበር። አሸዋና ጠጠሩ በመጀመሪያው ይቀራል፣ ደቃቁ በሁለተኛው ይዘቅጣል፣ ሦስተኛው ጋ የሚደርሰው ውሃ ኩልል ያለ ነው። ከዚያ በቦይ ወደ ግቢው ጀርባ፣ ከግቢው ጀርባ ወደ ወንዝ።

እኔ ላቦራቶሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ገንዳ የሚያጸዳው ልጅ እጁን ሊያሳየኝ መጣ። በጣቶቹ መሃል ቆዳው ተልጧል። «ሲሚንቶ እኮ አልነካሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የነካው ውሃውን ነው። የዚህ ውሃ ክፋቱ ወዲያው አለማቃጠሉ ነው፤ ሰው የሚነቃው ቆዳው ከተበላ በኋላ ነው። ከሦስተኛው ገንዳ ቀድቼ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱንና የአልካላይነቱን መጠን ለካሁ። ከ12 በላይ! ንጹህ ውሃ 7 ነው፣ ያውም እያንዳንዱ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ከ7 እስከ 12 ማለት 100,000 እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ዓሣ አይኖርም።

ጠርሙሱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ተቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው በብርሃን አዩት።

«ይሄ እኮ የጠራ ውሃ ነው። ምን አይተህበት ነው?»

«ኢንጂነር፣ አላየሁም፤ ለካሁት እንጂ። የዘቀጠው ደለሉ ነው። ከሲሚንቶው የወጣው ኖራ እንደ ጨው ሟሙቷል፣ በዓይን አይታይም።»

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ያንተ ሥራ ኮንክሪት መለካት ነው። ውሃ ለካ ያለህ ማነው?» አሉኝ።

ይህን ያህል ጊዜ አልፎም ይቺ ንግግር አልወጣችልኝም። ልጁን ማን ብለው አልጠየቁም፣ እጁ እንዴት ሆነ አላሉም። ደግሞ ኮንክሪት የሚለካ ሰው ውሃ ካልለካ ምኑን ለካ? አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ ከ160 እስከ 190 ሊትር ውሃ ይገባል። ጥንካሬው የሚወሰነው በዚያ ውሃና በሲሚንቶው ጥምርታ ነው። 800 ኪሎ አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ከያዘ 40 ሊትር ውሃ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ያንን ያልቀነሰ ኦፕሬተር ገና ከመነሻው ኮንክሪቱን ገድሎታል። ውሃ ሥራችን ካልሆነ ሥራችን ምንድን ነው?

ክርክሩን ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ወንዙ የማይችለውን ውሃ ኮንክሪት ይችለዋል፤ የራሱ የኮንክሪቱ ፒኤች ከ12 በላይ ነውና። የሚያስቸግረው ውሃው ውስጥ የቀረው ደቃቅ ነው። ኤኤስቲኤም ሲ1602 የሚባለው የመደባለቂያ ውሃ መስፈርት ለዚህ ልክ አበጅቶለታል፦ በገንዳ ውሃ የተሠራው ናሙና በ7 ቀኑ በንጹህ ውሃ ከተሠራው ቢያንስ 90 በመቶውን ጥንካሬ ማምጣት አለበት። ሁለቱንም ለየብቻ ደባልቀን የናሙና ኪዩብ ሞላን፣ ቀኑ ሲደርስ በመጫኛ ማሽን ሰበርን። አለፈ። የተጠቀሱትን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ጽፌ፣ በየቀኑ የምንቀዳው ንጹህ ውሃ ምን ያህል እንደሚቀንስ ጨምሬ ላክሁ። ስለ ወንዙም ስለ ልጁ እጅም ጽፌበት ነበር። የገንዳውን ውሃ ወደ ማደባለቂያው የሚመልሰው ፓምፕ የተገዛው ግን የውሃው ወጪ ስለሚቀንስ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያጸድቁት የጠቀሱት እሱን ብቻ ነው። ልጁ ረጅም ጓንትና ቦቲ እንዲሰጠው ለብቻው መለመን ነበረብኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ችግር አላጣንም። የማታ ተረኛው ከሦስተኛው መቅዳት ሲገባው ከሁለተኛው ቀዳ። ውሃው ወፍራም ነበር። ስላምፑ፣ ማለትም የኮንክሪቱ ልልነት፣ ወረደ፣ ሹፌሩ ሳይት ላይ ከራሱ ታንከር ውሃ ጨመረበት፣ መኪናውም ተመለሰ። ወሬው ወዲያው «የላቦራቶሪው ቆሻሻ ውሃ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የውሃው እፍጋት ሳይለካ ፓምፕ አይነሳም አልን። ሹፌሮቹ አሁን ራሳቸው «ተለካ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ይሄ በጣም ያስደስተኛል።

ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች ግቢውን ሲያስጎበኙ «ከእኛ አንዲት ጠብታ አትወጣም» ይላሉ። በበጋ ልክ ናቸው። ክረምት ሲገባ ግን የግቢው ጎርፍ በሙሉ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ሦስተኛው ሞልቶ ይፈሳል፣ ያው 12 የሆነው ውሃ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። የዝናቡን ውሃ ከእጣቢው የሚለይ ቦይ ቢቆፈር ነገሩ ያበቃል። ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ አሁንም መልስ አላገኘሁም።