የሌለውን ድልድይ ፍለጋ

ባጃጁ ቆመ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ።

«ሰር፣ ድልድዩ እዚያ ነው።»

አየሁ። ወንዝ አለ። ጫካ አለ። ድልድይ የለም።

«የቱ ጋ?»

«እዚያ ነበር» አለና ሳቀ። ይህቺን ቀልድ በቀን ስንቴ እንደሚቀልዳት እንጃ።

ያለሁት ስሪላንካ ውስጥ ኪቱልጋላ በምትባል መንደር ነው። ከኮሎምቦ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ግድም ያስኬዳል፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ ከዚያም በላይ። የመጣሁት ለአንድ ፊልም ብዬ ነው፦ «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ»። በልጅነቴ ሳየው ታሪኩ አልገባኝም ነበር። ከአእምሮዬ ያልወጡት የእስረኞቹ ፉጨትና መጨረሻ ላይ ከነባቡሩ ወንዝ የሚገባው ድልድይ ናቸው። አሻንጉሊት ነገር ሠርተው ያፈነዱት ይመስለኝ ነበር።

ላላየው ሰው ባጭሩ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የማረኳቸውን እንግሊዞች የባቡር ድልድይ ያሠሯቸዋል። የእንግሊዞቹ ኮሎኔል በሥራው ከመኩራቱ የተነሳ ለጠላት እየሠራ መሆኑን ይረሳዋል። አንድ የእንግሊዝ ጦር ኮማንዶ ቡድን ደግሞ ድልድዩን ሊያፈርስ በጫካ ይመጣል። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ነው። ፊልሙ በ1957 ወጣ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ሰባት ኦስካርም ወሰደ።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ጠባብና የሚያዳልጥ ነው። ኪቱልጋላ ዝናብ የማይለያት አገር ናት። አንድ የመንደሩ ልጅ «ላስጎብኝህ» ብሎ ከፊት ከፊቴ ይወርዳል። አያቱ ድልድዩ ሲፈነዳ በዓይናቸው አይተዋል አለኝ። የባጃጁ ሹፌር አያትም አይተዋል። ቁርስ ያበላኝ ሰውዬ አያትም እንደዚሁ። በዚህች መንደር ያን ቀን ሥራ የገባ አያት ያለ አይመስለኝም።

ታች ስንደርስ ልጁ ቅጠሉን በእግሩ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይኸው» አለኝ። አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የለበሰ የኮንክሪት መሠረት ነው። መሐሉ ላይ የተጠራቀመ ዝናብ ውሃ አለ፣ ውሃው ውስጥ አንድ የበሰበሰ ቅጠልና አንዲት ትንሽ እንቁራሪት። አጎንብሼ ጠርዙን ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፣ ጠጠሩ ይቆረቁራል። ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ የመጣሁት።

ድልድዩ ግን አሻንጉሊት አልነበረም። ከእንጨት የተሠራ የእውነት ድልድይ ነው፤ 130 ሜትር ግድም ይረዝማል፣ ከውሃው 15 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ግንዱን ዝሆኖች ጎትተዋል። የፊልሙ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን ዶላር ፈሰሰበት ብለው አስወርተዋል፣ እውነተኛው ወጪ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ማስታወቂያ መቼም ማስታወቂያ ነው።

ይህን ሁሉ የሠሩት ሊያፈርሱት ነው። ማፍረስ የሚቻለው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው።

ቀኑ ማርች 10 ቀን 1957 ተቆረጠ። ፈንጂው ተጠመደ፣ ካሜራዎቹ በየአቅጣጫው ተተከሉ። ባቡሩ ጉዞ ጀመረ። በዚች ሰዓት ነው እንግዲህ ከካሜራማኖቹ አንዱ ከአደጋው ክልል መውጣቱ ሳይረጋገጥ የቀረው። ሊን ምን ያድርግ? ቢያፈነዳ ሰው ሊሞት ነው። ባያፈነዳ ባቡሩን የሚያቆመው የለም። «ተዉት» አለ። ባቡሩ ያልፈነዳውን ድልድይ በሰላም ተሻገረና ማዶ ካለው ጄኔሬተር ጋር ተላተመ።

እዚያ ቆሜ ማዶውን ሳይ ሳቄ መጣ። አንድ ሙሉ ፊልም ድልድዩ ይፍረስ አይፍረስ በሚል ጭንቅ ላይ የቆመ ነው፣ እነሱ ደግሞ ማፍረስ አቃታቸው። ያን ቀን የነበረ ሰው ግን የሳቀ አይመስለኝም። ባቡሩን ጠጋግነው ወደ ቦታው መለሱት። በማግስቱ ጠዋት የሲሎን ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ባሉበት ሁሉም ነገር ወንዝ ገባ። ስሪላንካ ያኔ ሲሎን ነበር ስሟ።

ጉዱ በዚህ አላበቃም። በደህናው ጊዜ የፊልሙ ጥቅል ለንደን የሚሄደው በመርከብ ነበር። የግብፁ ስዊዝ ካናል በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ግን በአውሮፕላን ተላከ። ለንደን አልደረሰም። እንደሚተረከው ከሳምንት ፍለጋ በኋላ ካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ሲመታው ተገኘ። ዳግም የማይቀረጽ ነገር! ደግነቱ አልተበላሸም።

ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ኬላኒ ወንዝ ከላይ ሲያዩት ረጋ ያለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ይጎትታል። ሊን ራሱ በእረፍት ሰዓት ሲዋኝ ውሃው ሊወስደው ነበር፤ ያወጣው ከተዋናዮቹ አንዱ፣ ወጣቱ ጄፍሪ ሆርን ነው። እኔ ከቁርጭምጭሚቴ አላለፍኩም።

ከዋናው ተዋናይ ከአሌክ ጊነስ ጋር ደግሞ ሊን ፈጽሞ አልተግባቡም። ሊን ኮሎኔሉ ድርቅ ያለ አሰልቺ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል፤ ጊነስ ትንሽ ቀልድ፣ ትንሽ ሰብዓዊነት ሊጨምርበት ይሞክራል። ኮሎኔሉ ከቆርቆሮው እስር ቤት ወጥቶ እየተንገዳገደ፣ ግን ቀጥ ለማለት እየታገለ የሚሄድበት ቦታ አለ። ጊነስ ያንን አካሄድ የወሰደው ከራሱ ልጅ ነው። ልጁ ከፖሊዮ ሲያገግም እንደዚያ ነበር የሚራመደው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ቦታ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ፉጨቱም የራሱ ነገር አለው። ዜማው በ1914 የተደረሰ የእንግሊዝ ማርሽ ነው። ወታደሮች የሚዘፍኑበት ግጥም ግን ባለጌ ስለሆነ ፊልም ላይ አይወጣም። ስለዚህ ተፏጨ።

በጣም የሚያናድደኝ የድርሰቱ ጉዳይ ነው። የስክሪን ድርሰቱን የጻፉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን ናቸው። ሁለቱም በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው የሆሊውድ ጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበሩ ስማቸው ተዘለለ። ኦስካሩ የልብ ወለዱ ደራሲ ለሆነው ፈረንሳዊ፣ ለፒየር ቡል ተሰጠ። እሱ ስክሪን ድርሰቱን አልጻፈም። ሽልማቱ በባለቤቶቹ ስም የተሰጠው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ያኔ ሁለቱም አርፈዋል።

እውነተኛው ድልድይ እዚህ አይደለም፣ ታይላንድ ካንቻናቡሪ ነው። እንጨትም ሳይሆን ብረት ነው፣ ዛሬም ባቡር ያልፍበታል። ያኔ የተሠራው ግን ክዋይ ላይ ሳይሆን ሜ ክሎንግ በሚባል ወንዝ ላይ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ቱሪስቱ «ክዋይ የት ነው?» እያለ ሲያስቸግር ታይላንዶች የወንዙን ስም ቀየሩት። በዚያ ሐዲድ ሥራ ከ12,000 በላይ የጦር ምርኮኞች አልቀዋል፣ የእስያ የጉልበት ሠራተኞች ደግሞ ከዚያም በብዙ እጥፍ። ፊልሙ ስለ ሠራተኞቹ እምብዛም አያነሳም።

ስንወጣ ዝናቡ ጀመረ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ካልሲዬን ስስብ አንድ አልቅት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተለጥፎ ጠግቧል። ሹፌሩ ክብሪት ለኮሰና አነሳልኝ። እንደለመደው ነው፣ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም።

«ፊልሙን አይተኸዋል?» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ ጀምሬዋለሁ ሰር። ግን በጣም ረጅም ነው» አለ ክብሪቱን እያጠፋ። «ሁልጊዜ ድልድዩ ሳይፈነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል።»