«እኔ» የሚባለውን በንዴት ሰዓት መፈለግ

ደሴና ኮምቦልቻ ሆነን «እኔ» የሚባለውን ወደ ውስጥ ገብቶ ስለመመርመር የምንጫወት ጥቂት ሰዎች አለን። «የት ደረስሽ?» ስትሉኝ በስልክ አሳጥሬ ከመመለስ ይሻላል ብዬ እስካሁን የያዝኩትን ጻፍኩት። አዲስ የምትጀምሩም ስላላችሁ ትንሽ ከሥሩ እነሳለሁ።

ጥያቄው አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ «እኔ፣ እኔ» የምንለው በእርግጥ የት ነው ያለው? አብዛኞቻችን ከዓይናችን ጀርባ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚያይ፣ የሚወስን፣ የሚያዝን ይመስለናል። አድቫይታ ቬዳንታ የሚባለው የህንዶች ትምህርት ግን ይሄ ተነጥሎ የቆመ «እኔ» ካለማወቅ የመጣ ነው ይላል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ትምህርቱን አደራጅቶ ያስተማረው ሻንካራ ነው። በእሱ አነጋገር የሰው እውነተኛ ማንነት፣ አትማን የሚሉት፣ ብራህማን ከሚሉት ከመጨረሻው እውነት የተለየ አይደለም። ስህተቱ እኔን እዚህ፣ ዓለምን እዚያ አድርጎ ሁለት ማለቱ ላይ ነው።

እነሱ ደጋግመው የሚያነሱት የገመድና የእባብ ምሳሌ አለ። ድንግዝግዝ ሲል መንገድ ላይ የወደቀ ገመድ እባብ መስሎ ሰውን ያስደነግጠዋል። ድንጋጤው የምር ነው። ልብ ይመታል፣ እግር ወደኋላ ይላል። መብራት ሲመጣ ግን የሚገደል እባብ የለም። ገመዱም የትም አልሄደም። ይህችን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ። «እኔ የሚባል የለም» ሲባል ብዙ ሰው «ታዲያ የለሁም እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ማንም እንደዚያ አላለም። ያለው አለ፤ እኛ የመሰለን ዓይነት ነገር ግን አይደለም።

ቡድሂዝም በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሰው የምንለው አካል፣ ስሜት፣ ነገርን መለየት፣ የአእምሮ ዝንባሌና ንቃት አብረው ሲሄዱ ነው፤ ከነሱ ጀርባ ባለቤት የለም ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ቬዳንታ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ «ራስ» አለ ይላል፤ ቡድሂዝም እሱንም አይቀበልም። የሚገናኙት «ራስህ ገብተህ እይ» የሚለው ልምምድ በሁለቱም ቤት ስላለ ነው።

ገብቶ ያየ አውሮፓዊም አለ። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1739 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፏል። ወደ ውስጡ በገባ ቁጥር የሚያገኘው ሙቀት ወይ ቅዝቃዜ፣ ፍቅር ወይ ጥላቻ፣ ሕመም ወይ ደስታ ነው። እነዚህ የሚሰሙትን «ራሱን» ለብቻው ይዞት አያውቅም።

በዚህ ልምምድ ግን ስሙ በብዛት የሚነሳው የደቡብ ህንዱ መምህር ራማና ማሃርሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896፣ የ16 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ማዱራይ ከተማ አጎቱ ቤት ውስጥ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። አልታመመም። ሰውም አልጠራም። እንደ ሬሳ ተጋደመ፣ እጅ እግሩን ገተረ፣ ትንፋሹን ያዘ። «ይሄ አካል ሲሞት እኔ እሞታለሁ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ከቤት ወጥቶ አሩናቻላ ተራራ ሥር ወዳለችው ቲሩቫናማላይ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞት እዚያው ኖረ። ለጠየቁት የሚሰጠው ልምምድ አጭር ነበር። ሐሳብ ሲመጣ «ለማን መጣ?» በል። «ለእኔ» ካልክ «ይሄ እኔ ማን ነው?» ብለህ ተከተለው።

እኔም በዚሁ ጀመርኩ። ጠዋት የደሴ ጉም ሳይገፈፍ ጋቢ ደርቤ ቁጭ እላለሁ። ዝምታው ደስ ይላል፤ እስካሁንም አልተውኩትም። ግን እዚያ ቁጭ ብሎ «ማን ነኝ?» ማለት ለኔ ብዙ አልፈታልኝም። ተረጋግቼ ስቀመጥ «እኔ» የሚባለውም ተረጋግቶ ይቀመጣል። ማንም አልነካው፣ ለምን ብሎ ብቅ ይላል?

መንገድ የከፈተልኝ የቲቤቱ መነኩሴ የጾንግካፓ (1357–1419) ትምህርት ነው። በሱ መስመር ያሉ መምህራን «የለም» ከማለትህ በፊት የምትፈልገውን በደንብ ለየው ይላሉ። «እኔ» ደግሞ ጎልቶ የሚወጣው ሰው ባላጠፋው ሲወነጀል ነው። ያን ጊዜ ነው ማየት።

ዕድሉ የመጣልኝ ወደ ሥራ ስወርድ ነው። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን እየወረደ ረዳቱ ሂሳብ ቆጠረና ጎደለበት። ብሮቹን በጣቶቹ መሃል አጣጥፎ እንደያዘ ዞሮ «ከኋላ ያልከፈለ አለ» አለ። ሁሉም ዝም። «እህት፣ አንቺ ነሽ።» መቶ ብር ሰጥቼዋለሁ። እንዲያውም መልሴን እየጠበቅኩ ነበር። ከፊት ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ከዚያ የሆነውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ ዋናው እሱ ነውና። መጀመሪያ ከአንገቴ ወደ ጆሮዬ ሙቀት ወጣ። መንጋጋዬ ጥርቅም አለ። ከዚያ አንድ ቃል መጣ፦ «እኔን!» አብሮት ደግሞ አንድ ሥዕል። ሥዕሉ የራሴ ፊት ነው። ተሳፋሪዎቹ ከተቀመጡበት ሆኖ የሚታይ ፊቴ፤ የደነገጠ፣ ሌባ የመሰለ።

ጥያቄው እዚህ ላይ በራሱ መጣ። የተነካችው የት አለች? ሙቀቱን አየሁት። ጆሮዬ ላይ ነው። ሙቀት ደግሞ ሌባ አይባልም። ቃሉን ፈለግኩት፤ ፈልጌ ሳልጨርስ አልፏል። ሥዕሉን አየሁት። ከፊት ወንበር የተነሳ ፎቶ ይመስላል፤ እኔ ግን ፊት ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ፣ የተወነጀለች አንዲት ሴት ውስጤ ቁጭ ብላ ላገኛት አልቻልኩም። ሙቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ግን የማንም አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውንም አትርሱት። አፌን ዘግቼ አልተቀመጥኩም። «ወንድሜ፣ መቶ ብር ሰጥቼሃለሁ፤ መልሴንም አልሰጠኸኝም» አልኩት። አጠገቤ የነበሩ እናት «ስትሰጥህ አይቻለሁ ልጄ» አሉት። ደግሞ ቆጠረና መለሰልኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን መናገር ቀለለኝ፤ የምከላከልላት ሴት አልነበረችማ። «ማንም ስለሌለ ምን አገባኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ሂሳብ ሂሳብ ነው። የተበደለ ሰው ሲኖርም ዝም ማለት ከዚህ ትምህርት አይወጣም።

ከዚያ ወዲህ ልምምዴን ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ሥራ ቦታ፣ ወረፋ ላይ፣ ቤት ውስጥ እህቴ ነገር ስትወረውር። የምጠይቀው አጭር ነው፦ የተነካው የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው እነዚያኑ ነው፤ የሰውነት ስሜት፣ ቃል፣ ሥዕል። ከሦስቱ አስቸጋሪው ሥዕሉ ነው። በኔ በኩል ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ዓይን የተነሳ ሆኖ ነው የማገኘው። እናንተ ጋ እንዴት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ንዴቱ ከበረታ ጥያቄው ትዝ የሚለኝ ማታ ነው። ያኔም ይሠራል። ነገሩን ስታስታውሱት ሙቀቱ እንደ አዲስ ይመጣል፣ እሱን ማየት ነው።

ይሄ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከወንድሜ ልጅ ጋር አንድ ሙከራ ሞክረናል። ቦትቪኒክና ኮኸን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ነው፤ እነሱ የጎማ እጅ ነበራቸው። እኔ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት በጥጥ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የልጁን እጅ በካርቶን ጋረድኩና ዓይኑን ጓንቱ ላይ እንዲተክል ነገርኩት። ከዚያ በሁለት የቀለም ብሩሽ ጓንቱንና የተጋረደውን እጅ እኩል፣ በአንድ ጊዜ መዳበስ ነው። ትንሽ ቆይቶ «አክስቴ፣ ጓንቱ ላይ ነው የሚሰማኝ!» ብሎ ጮኸ። ብሩሾቹን ሳዛንፋቸው ስሜቱ ጠፋ። «ይሄ እጅ የኔ ነው» የሚለው ነገር እንኳ አእምሮ ከዓይንና ከቆዳ የመጣለትን አገጣጥሞ የሚሠራው ነው። ልጁ እስከ ማታ ጓንቱን ይዞ ሲዞር ዋለ።

ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ዓለም ሁሉ ንቃት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። የማውቀው ሁሉ በንቃቴ ውስጥ መታየቱ አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ከንቃት የተሠራ ነው ማለት ሌላ ነው። የደሴውን ተራራ ጦሳን የማውቀው በዓይኔ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ጦሳ የኔ እይታ ነው ማለት አይቻልም። ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ስለ «እኔ» ብዙ ያሳያል፣ ስለ ተራራ ግን ያን ያህል አይመሰክርም። ሻንካራ ራሱ ብራህማ ሱትራ ለሚባለው የቬዳንታ መሠረታዊ ጽሑፍ በጻፈው ማብራሪያ ላይ፣ ውጭ ያለው ሁሉ ሐሳብ ነው ከሚሉ ቡድሂስቶች ጋር ተከራክሯል። ሕልምና ውን አንድ አይደሉም ብሏል። እሱን ጠቅሰው ዓለምን ቅዠት የሚያደርጉ ሰዎች ይሄን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

እናቴ «ልጄ፣ ሃይማኖትሽን ቀየርሽ እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። አልቀየርኩም። የማደርገው ውስጤን ማየት ነው አልኳት፤ ጸሎቴም ጾሜም እንዳለ ነው። ወሎ ላይ ደግሞ ይሄ ወሬ ባዕድ አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ ሼህ ጋ ቡና ላይ ሳነሳው «ነፍስያን ነው የምትይው?» አሉኝ፤ «እኔ፣ እኔ» የምትለውን ነፍስ ማለታቸው ነው። በእስልምና የውስጥን መንገድ የሚከተሉት ሱፊዎች ፈና የሚሉት፣ ነፍስያ በፈጣሪ ፊት መጥፋቷ፣ እዚህ አገር ከመንዙማ ጋር አብሮን ያደገ ሐሳብ ነው። ሼሁ ግን አንድ ነገር አጠበቁብኝ። «ነፍስያ ትጥፋ፤ ባሪያ ግን ጌታ አይሆንም።» ከአድቫይታ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እኔም ልዩነቱን ላለባብሰው አልፈልግም። ሁለቱም ጋ አክብሬ የምይዘው አለ።

አንድ ማሳሰቢያ ለሁላችንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ ያየነው አለ። ገና ያልሻረለት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲገባ ያ ሊቀሰቀስበት ይችላል። ዓለም እንደ ሕልም ደብዝዞ ካስፈራችሁ፣ ራሳችሁን ከውጭ የምታዩ መስሏችሁ ከተጨነቃችሁ፣ ያንን መገለጥ አትበሉት። ልምምዱን አቁሙና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሩ። ብቻችሁንም አትሁኑ።

አሁን የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፤ ሙገሳ። ከስድብ ይልቅ ይከብዳል። በቅርቡ ሥራ ቦታ ሰው ፊት ተመሰገንኩ። ሥዕሉ እንደ ልማዱ ከሰዎቹ ዓይን ተነስቶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ግን ቆንጆ ሆኖ። «የተመሰገነችው የት አለች?» ብሎ መጠየቅ ጭራሽ አላሰኘኝም። ንዴት ያማል፣ ስለዚህ ለመመርመር ይቸኮላል። ደስታ ግን ባለበት ይቆይልኝ ይባላል። ቀጥሎ የምሠራበት ይሄ ነው። ከእናንተ መሃል ሲመሰገን ደረቱ ላይ ያለውን ሙቀት ከሥዕሉ ለይቶ ማየት የቻለ ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ።