ስሙ ኖሮ ፋይሉ የሌለበት ፍላሽ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ 2 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ የታተመበት፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ፍላሽ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ለዓመታት ያነሳቸውን ፎቶግራፎች በሙሉ ገልብጦበት ነበር። ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ በየስማቸው ተደርድረው ታዩኝ፤ የእያንዳንዱ ፋይል መጠንና የተፈጠረበት ቀን እንኳ በትክክል ተመዝግቧል። ልከፍታቸው ስሞክር ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶዎች በቀር አንዱም አልከፈትም አለ። ወዳጄ የቫይረስ ሥራ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ከእሱ የተለየ ግምት አልነበረኝም። ነገሩ ቫይረስ ቢሆን ኖሮ ግን በተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ፋይሎቹን የማዳን ዕድል ይኖረን ነበርና።

ማንኛውም ፍላሽ በውስጡ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ ሲሆን ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ተቆጣጣሪ ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ተቆጣጣሪውን ነው፤ የተሰጠውንም መልስ ሳያጣራ ይቀበላል። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ብቻ በሚይዝ ቺፕ ላይ 2 ቴራባይት ብሎ የሚመልስ ተቆጣጣሪ ይገጥሙበታል። የፋይሎቹ ስምና ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በማስቀመጫው መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ዝርዝሩ ይተርፋል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተላከው ይዘት ግን ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይም ዞሮ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። ይህ ሁሉ ሲሆን የስህተት መልእክት የሚባል ነገር አይታይም፤ ግልበጣው እስከ መጨረሻው በሰላም የተጠናቀቀ ይመስላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ፍላሽ እጄ ሲገባ፣ ቢጠፋ የሚያሳዝነኝ ፋይል ሳላስቀምጥበት በፊት ሙሉውን እፈትነዋለሁ። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ለሊኑክስና ለማክ ደግሞ ኤፍስሪ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር በሚታወቅ መረጃ ሞልተው መልሰው ያነቡታል፤ የተጻፈውና የተነበበው ካልተመሳሰለ ፍላሹ ወይ ሐሰተኛ ወይ ብልሹ ነው። ፈተናው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ ጀምሬው እተኛለሁ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፤ 64 ጊጋባይት የተባለ ፍላሽ በዊንዶውስ ላይ 59.6 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ቢታይ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን እንደ 1,000,000,000 ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ እንደ 1,073,741,824 ባይት ስለሚቆጥር የመጣ ልዩነት ነው።

እውነተኛ ፍላሽም ቢሆን በእኔ እምነት ዕቃ ማመላለሻ እንጂ ጎተራ አይደለም። ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ናንድ ተብሎ የሚጠራውን የፍላሽ ማስቀመጫ ፉጂዮ ማሱዎካ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስና ባልደረቦቻቸው በቶሺባ ኩባንያ ሠርተው በ1987 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስተዋወቁ። በዚህ ቺፕ ውስጥ መረጃው የሚቀመጠው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ሕዋሳት ውስጥ በታገተ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ነው። ቀደም ባሉት ቺፖች አንድ ሕዋስ አንድ ቢት (0 ወይም 1 የሆነች ትንሿ የመረጃ አሃድ፤ ስምንቱ አንድ ባይት ይሆናሉ) ብቻ ስለሚይዝ «ሙል አለ» ወይም «ሙል የለም» ብሎ መለየት ይበቃ ነበር። ዛሬ በብዛት በሚሸጡት ላይ ግን አንድ ሕዋስ ሦስት ቢት ስለሚሸከም ስምንት የተለያዩ የሙል ደረጃዎችን፣ አራት ቢት ከሆነም አሥራ ስድስት ደረጃዎችን መለየት ግድ ይላል። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በጠበበ ቁጥር ትንሽ ሙል ሲሾልክ መረጃው ይዛባል። በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥርም ሕዋሱን የሚሸፍነው ቀጭን ንብርብር እየደከመ ይሄዳል፤ አንድ ቢት የሚይዘው ዓይነት እስከ 100,000 ጊዜ ያህል መጻፍን ሲችል፣ ሦስት ቢት የሚይዘው ከ1,000 እስከ 3,000 ጊዜ በሆነ መጠን ይወሰናል። ሙቀት ደግሞ የሙሉን መሹለክ ያፋጥነዋል። እንግዲህ የልጆችን ፎቶ ገልብጦ ለአሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ የሚተው ሰው፣ ሳያውቀው ቀስ እያለ በሚያፈስ እንስራ ውሃ እያስቀመጠ ነው።

ማመላለሻ መሆኑን ከተቀበልን አመራረጡም ይቀላል። መጀመሪያ የማየው የመያዝ አቅሙን ሳይሆን የመጻፍ ፍጥነቱን ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት እንደሚያስተላልፍ ማሸጊያው ላይ ይነበባል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የመንገዱን ስፋት እንጂ የመኪናውን ጉልበት አይናገሩም። ብዙ ርካሽ ፍላሾች ዩኤስቢ 3.0 ተብለው ሲያነቡ ይፈጥናሉ፤ ሲጽፉ ግን ለጥቂት ጊዜ ሮጠው በሰከንድ ወደ 10 ሜጋባይትና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። 20 ጊጋባይት ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ፍላሽ ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይፈጅም፤ 10 ሜጋባይት በሚጽፈው ላይ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስጠብቃል። ማሸጊያው የማንበብን ፍጥነት ብቻ በትልቁ ጽፎ ስለ መጻፍ ዝም ካለ፣ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

ስለ አካሉ ብዙ አልልም። የብረት ልባስ ያለውን እመርጣለሁ፤ ጥፍር የሚያህሉትን ፍላሾች ግን አልወዳቸውም፤ ሲሠሩ በጣም ይሞቃሉ፣ ለመጥፋትም ይቀናቸዋል። መክደኛውማ መጥፋቱ አይቀርም። በአንድ ወገኑ የተለመደው የዩኤስቢ መሰኪያ፣ በሌላው ደግሞ ዩኤስቢ ሲ ያለበት ፍላሽ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ፋይል ለሚያመላልስ ሰው ጥሩ ግልግል ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ሌላው ጉዳይ ፎርማት፣ ማለትም ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ የሚደራጁበት አሠራር ነው። ፍላሹ ላይ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ አንድ የ5 ጊጋባይት ፊልም አልገባም ካለ፣ ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል፤ ይህ አሠራር 4 ጊጋባይት የሞላን ነጠላ ፋይል አይቀበልም። መፍትሔው ውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ፍላሹን በኤክስፋት እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። የዊንዶውስ የራሱ አሠራር የሆነውን ኤንቲኤፍኤስን በፍላሽ ላይ አልመክርም፤ ማክ ያነበዋል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። የቆዩ ቴሌቪዥኖችና የመኪና ቴፖች ግን ከፋት32 ሌላ ስለማያውቁ፣ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን አንድ አሮጌ ፍላሽ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ እኔ ራሴ ብዙ የተማርኩት ከጥፋቴ ነው። አንድ ረጅም ሪፖርት ለሳምንታት በቀጥታ ከፍላሹ ላይ ከፍቼ ሳርም ቆይቼ፣ አንድ ቀን በችኮላ ነቅዬው ሰነዱ ተበላሸብኝ፤ ሌላ ቅጂም አልነበረኝም። ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ሲጽፍ ሥራውን ለማፋጠን የተወሰነውን መረጃ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ አቆይቶ ቆየት ብሎ ሊልከው ይችላል፤ በተለይ በሊኑክስ ላይ ግልበጣው አልቋል ከተባለ በኋላም የፍላሹ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ሲቀጥል ማየት የተለመደ ነው። ዊንዶውስ 10 በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዕትሙ ጀምሮ ይህን ማቆየት ለፍላሾች እንዲቀር አድርጓል፤ እየተጻፈ ባለበት ሰዓት ከተነቀለ ግን የትኛውም ቅንብር አያድነውም። ስለዚህ ዛሬ ሰነዱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ እዚያው ላይ እሠራለሁ፣ ስጨርስ ወደ ፍላሹ እመልሰዋለሁ፣ ከመንቀሌ በፊትም በደኅና የማስወጫ ትእዛዙን እሰጣለሁ።

ቫይረስን በተመለከተ በብዛት የሚያጋጥመው ሾርትከት የሚባለው ነው፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት) ያስቀምጣል፤ ሰውየው ሾርትከቱን ሲጫን ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ የተደበቁ ፋይሎችን የማሳያውን ምርጫ ሲያበሩት ይታያሉ። ስለዚህ በድንጋጤ ፎርማት ከማድረግ በፊት ይህን ማየት ይገባል። ከዚህ የሚከፋው ከመንገድ የተገኘ ፍላሽ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 297 ፍላሾችን በግቢው ውስጥ ሆን ብለው ጥለው ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት መሠረት ከተጣሉት ውስጥ ቢያንስ 45 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያገኟቸው ሰዎች ፋይል ከፍተዋል። አንዳንዱ ፍላሽ መሰል ዕቃ ደግሞ ፋይል አልባ ሆኖ፣ ለኮምፒውተሩ ራሱን ኪቦርድ አድርጎ አስተዋውቆ ትእዛዝ ይጽፍበታል።

ፍላሽ በቀላሉ የሚጠፋ ዕቃ ስለሆነ፣ የግል ሰነድ የያዘውን በይለፍ ቃል እቆልፈዋለሁ፤ ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ ባላቸው የዊንዶውስ ዕትሞች በእሱ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ቬራክሪፕት በተባለው ነጻ ፕሮግራም። ቁልፉ ከመጀመሪያው፣ ፋይል ሳይገባበት በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ተቆጣጣሪው ሕዋሳቱ እኩል እንዲያረጁ ሲል አዲሱን መረጃ በሌላ ቦታ ስለሚጽፍ፣ የቀድሞው ያልተቆለፈ ቅጂ በማይታይ ጥግ ተርፎ ሊቆይ ይችላልና። መሰረዝም ሆነ ፈጣን ፎርማት ማድረግ የሚያጠፋው የፋይሉን ዝርዝር እንጂ ይዘቱን ስላልሆነ፣ ፋይል መላሽ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ መልሰው ያወጡታል። የባንክ ወይም የሕክምና ሰነድ ይዞ የኖረና መሥራት ያቆመ ፍላሽ ሲኖረኝ ለማንም አልሰጠውም፤ ልባሱን ከፍቼ፣ መሰኪያውን ሳይሆን ጥቁሩን ቺፕ ራሱን በመዶሻ እሰብረዋለሁ።