ሀውስቴድስ፦ ጎተራውን ሳታዩ አትመለሱ

ዛሬ የዋልነው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ባለው ሀውስቴድስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን እ.ኤ.አ. በ122 ባስጀመረው ግንብ ላይ ያለ የሮማውያን ምሽግ። ከመኪና ማቆሚያው ሩብ ሰዓት ያህል ዳገት አለ። ነፋሱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ በበጋም ጃኬት ያዙ። ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም።

መጀመሪያ ጎተራውን እዩ። ወለሉ የተነጠፈው በአጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ነበር፤ ከሥር አየር ካልተዘዋወረ እህሉ ይሻግታላ! ምሰሶዎቹ ዛሬም እንደተደረደሩ ቆመዋል። ደስ ሲሉ!

ከዚያ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ውረዱ። እዚያ የተሠራው የምሽጉ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ነው፦ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ቦዩን ያጥባል። አጠገቡ ያለውን የድንጋይ ገንዳ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ጠርዙ ተበልቶ ጎድጎድ ብሏል።

እባካችሁ ግንቡ ላይ አትውጡ፤ እርግጫ የመሃሉን ሙሌት ያናጋዋል።