ኒኮላ ማዩ ከ70 ለ68 በኋላ

ስለ ፈረንሳዊው የቴኒስ ተጫዋች ስለ ኒኮላ ማዩ ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሽንፈት ነው። እኔም ሰውየውን ያወቅሁት በዚያው ሽንፈት ነው። በጁን 2010 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን የሚካሄደው የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ውጤቶች በቴሌቪዥኑ ግርጌ ሲያልፉ 59 ለ59 የሚል ቁጥር አይቼ የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር። ስህተት አለመሆኑን ከተረዳሁበት ሰዓት ጀምሮ የዚህን ተጫዋች ጉዞ ስከታተል ኖሬያለሁ፤ ከሽንፈቱ በኋላ የሠራው ሥራ ከሽንፈቱ ያላነሰ ሊነገርለት ይገባል ብዬም አምናለሁ።

ማዩ በ1982 በአንዤ ከተማ ተወለደ። አገሩ ፈረንሳይ በፓሪሱ ታላቅ ውድድር በሮላን ጋሮስ ቀይ አፈር ብትታወቅም እርሱ ግን የሣር ሜዳ ሰው ሆኖ አደገ፤ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረውን ምት) እንደመታ ወደ መረቡ እየሮጠ ኳሷን መሬት ሳትነካ የሚመልስ ተጫዋች ነበር። በሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብላና ፈጥና ስለምትነጥር ይህ አጨዋወት ይመቻል፤ ችግሩ የሣሩ ወቅት በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ መሆኑ ነው። በ2000 የዊምብልደን የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ2007 ለንደን ውስጥ በሚካሄደው የኩዊንስ ውድድር ፍጻሜ ከአንዲ ሮዲክ ጋር ሲገናኝ ዋንጫውን ለማንሳት አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታው ነበር፤ ያቺ ነጥብ አመለጠችው፣ ጨዋታውም አብሯት ሄደ።

በ2010 ወደ ዊምብልደን የመጣው በዓለም 148ኛ ሆኖ፣ በማጣሪያ በኩል ነው። በማጣሪያው ራሱ አንዱን ጨዋታ ያሸነፈው የመጨረሻውን ክፍል (ሴት) 24 ለ22 ጨርሶ ነበር፤ ያኔ በዊምብልደን የመጨረሻው ክፍል አንዱ በሁለት ጌም (በአንድ ተጫዋች ሰርቭ በሚካሄድ የነጥቦች ዙር) እስኪበልጥ ድረስ ይቀጥል ነበር። በመጀመሪያው ዙር የደረሰው አሜሪካዊው ጆን ኢስነር ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝምና ሰርቩ የማይደፈር ተጫዋች ነው። ጁን 22 ቀን በ18 ቁጥር ሜዳ ተጀመረ፤ በክፍል ሁለት ለሁለት እንደሆኑ ጨለማ አቋረጠው። በማግስቱ አምስተኛውን ክፍል ብቻ ሲጫወቱ ዋሉ፤ የውጤት ሰሌዳው 47 ለ47 ላይ ደርቆ ቀረ፣ እነርሱም በ59 ለ59 እንደገና መሸባቸው። በሦስተኛው ቀን ኢስነር በግራ ጎኑ የመታት ኳስ ማዩን አልፋ ስትወድቅ ውጤቱ 70 ለ68 ሆነ። ጨዋታው በድምሩ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቷል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአምስተኛው ክፍል መጀመሪያ ሰርቭ የሚመታው ኢስነር ስለነበር፣ ከ5 ለ4 ጀምሮ ማዩ ሰርቭ ከሚመታባቸው ጌሞች አንዱን እንኳ ቢሸነፍ ሁሉም ነገር ያበቃለት ነበር። ይህን ሸክም ተሸክሞ 64 ጊዜ ተረፈ፤ የወደቀው በ65ኛው ነው። በጠቅላላው ያገኘው ነጥብ 502፣ የአሸናፊው ደግሞ 478 ነው። በሦስተኛው ቀን ማምሻውንም ከአርኖ ክሌማን ጋር ተጣምሮ ለጥንድ ጨዋታ ሜዳ ገባ። ዛሬ ግራንድ ስላም በሚባሉት በአራቱም ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች የመጨረሻው ክፍል 6 ለ6 ሲደርስ በ10 ነጥብ ታይብሬክ (በአጭር መለያ ጨዋታ) ስለሚለይ፣ ይህን የሚስተካከል ጨዋታ ዳግም አይታይም።

በ2011 በዚያው ዊምብልደን፣ በዚያው የመጀመሪያ ዙር፣ ዕጣው ከዚያው ከኢስነር ጋር አገናኘው፤ አሁንም ተሸነፈ። በ2013 ደረጃው ከ200ኛ በታች ወርዶ ሳለ በኔዘርላንድስ የሣር ውድድር ስታን ቫቭሪንካን አሸንፎ በ31 ዓመቱ የመጀመሪያውን የነጠላ ዋንጫ አነሳ፤ ከሳምንታት በኋላም በአሜሪካ ኒውፖርት ሌይተን ሂዊትን ረትቶ ሁለተኛውን ጨመረ።

እውነተኛው መኸር ግን የጥንድ ጨዋታ ነው። ከእርሱ በዘጠኝ ዓመት ከሚያንሰው ከፒየር ዩግ ኤርቤር ጋር ሲጣመር፣ በነጠላ ጨዋታ ጊዜው ያለፈበት ይመስል የነበረው የመረብ አጨዋወቱ ዋጋ አገኘ። በጥንድ ጨዋታ ሜዳው በአራት ሰው ይሞላል፣ ነጥቡ የሚወሰነውም መረቡ አጠገብ በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት ነው፤ እጁ ለስላሳ የሆነና የጓደኛውን እርምጃ አስቀድሞ የሚያውቅ ተጫዋች እዚያ ይነግሣል። በ2015 የአሜሪካን፣ በ2016 የዊምብልደንን፣ በ2018 የሮላን ጋሮስን፣ በ2019 የአውስትራሊያን ዋንጫ ወሰዱ፤ አራቱም ግራንድ ስላሞች ተሟሉ። በ2021 ሮላን ጋሮስን ደገሙት። ማዩ በ2016 በጥንድ የዓለም አንደኛ ሲሆን ዕድሜው 34 ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ዋንጫዎች ይልቅ እኔ ደጋግሜ የማየው በ2019 በሮላን ጋሮስ የሆነውን ነው። በ37 ዓመቱ በነጠላ ተጋብዞ ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር ሁለት ክፍል ከተመራ በኋላ ማርኮ ቼኪናቶን አሸንፎ እስከ ሦስተኛው ዙር ዘለቀ። እዚያ በአርጀንቲናዊው ሊዮናርዶ ማየር ተሸንፎ ወንበሩ ላይ ሲያለቅስ፣ ትንሽ ልጁ ከተመልካቾች መካከል ሮጦ መጥቶ አቀፈው። ተቀናቃኙም ይህን ሲያይ እንባው መጣ። ማዩ ራኬቱን የሰቀለው ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2025 መኸር ነው፤ በ43 ዓመቱ፣ በፓሪስ፣ በጥንድ ጨዋታ።